ያረረ ድስትና የዕቃ ማጠቢያ ማሽን፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ የአምዱ አዘጋጅ። የምኖረው በሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ባለፈው ዓመት አዲስ የዕቃ ማጠቢያ ማሽን፣ በተለምዶ ዲሽ ዋሸር የምንለውን፣ ገዝተን አስገጠምን። ሳህኑንና ብርጭቆውን እንከን የለሽ አድርጎ ያጥባል፤ ሽሮ የያዘበትን ድስትና ቁሌት ያረረበትን መጥበሻ ግን ብዙ ጊዜ እንደገባ ያወጣዋል። ባለቤቴ ጥፋቱ የማሽኑ ነው ይላል፤ እኔ የሳሙናው ይመስለኛል፤ እናቴ ደግሞ ሁለታችንንም አዳምጠው «ድስት በእጅ ነው» ብለው ነገሩን ዘግተውታል። ባለሙያ ከመጥራቴ ወይም ማሽኑን ከመለወጤ በፊት በቤቴ ሆኜ በትክክል ልፈትነው የምችልበት መንገድ ካለ ቢያብራሩልኝ።

መልስ፦ እኅታችን፣ ሦስታችሁም የያዛችሁት ጥቂት ጥቂት እውነት አለ። አንድ ድስት ሳይጸዳ ሲወጣ ማሽኑ፣ ሳሙናው፣ የውሃው ሙቀት፣ የድስቱ አቀማመጥ ወይም እድፉ ራሱ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ አምስቱም በየቀኑ እየተለዋወጡ ባሉበት ሁኔታ ደግሞ አንዱን ለይቶ መክሰስ አይቻልም። የቤት ውስጥ ፈተና ማለት አራቱን እንዳሉ አስሮ አንዱን ብቻ እየለዋወጡ ማየት ነው። እስካሁን ስትከራከሩ የቆያችሁት ይህ ስላልተደረገ ይመስለኛል።

አስቀድሜ ስለ እናትዎ አባባል ጥቂት ልበል። ይህ ማሽን ሲፈጠር የታሰበው ለድስት አልነበረም። የኢሊኖይ ግዛት ነዋሪ የነበረችው ጆሴፊን ኮክሬን እ.ኤ.አ. በ1886 የፈጠራ ባለቤትነት መብት ያገኘችበት ማሽን፣ ሠራተኞች ሲያጥቡ ጠርዛቸውን ይሸርፉባት ለነበሩ ውድ የገበታ ሳህኖች የተሠራ ነበር፤ የሽቦ ክፍሎቹም በሳህንና በስኒ ልክ የተበጁ ነበሩ። በ1893 በቺካጎው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ያዩትና በኋላም የገዙት በአብዛኛው ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ናቸው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ቢለወጥም አንድ ነገር አልተለወጠም፤ ማሽኑ ውሃ ይረጫል እንጂ አይፈትግም። እጅና ሽቦ በጉልበት የሚያነሡትን እርሱ በሙቀት፣ በጊዜና በሳሙና ኃይል ማስለቀቅ አለበት። ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ባለሙያ ኸርበርት ዚነር እ.ኤ.አ. በ1959 ያቀረበው ሐሳብ እስካሁን በሙያው ውስጥ የሚጠቀሰው ለዚህ ነው፦ የማጽዳት ሥራ የአራት ነገሮች ድምር ነው፣ እነርሱም ኬሚካል፣ ሙቀት፣ ጊዜና የመፈተግ ኃይል ናቸው፤ አንዱ ሲያንስ ሌሎቹ መጨመር አለባቸው። አዳዲሶቹ ማሽኖች በቁጠባው ፕሮግራም ሦስት ሰዓት ያህል የሚቆዩት ውሃውን ብዙ ስለማያሞቁና ከሙቀቱ የጎደለውን በጊዜ ስለሚያካክሱ ነው።

በአውሮፓ የማሽኖቹን ብቃት የሚለኩ ቤተ ሙከራዎች ሳህኖችን የሚያቆሽሹት በዘፈቀደ አይደለም። ወተት፣ ሻይ፣ የተፈጨ ሥጋ፣ እንቁላል፣ የአጃ ገንፎ፣ ስፒናችና ማርጋሪን በተወሰነ መጠን ይቀባሉ፤ በ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ2 ሰዓት እንዲደርቁ ይደረጋል፤ ከታጠቡ በኋላም እያንዳንዱ ዕቃ ከ0 እስከ 5 ነጥብ ይሰጠዋል። በጎኑም ሁልጊዜ ብቃቱ የታወቀ አንድ ማመሳከሪያ ማሽን አብሮ ይሠራል፤ ውጤቱ የሚነበበው ከዚያኛው ጋር ተነጻጽሮ ነው። ለብዙ ዓመታት በዚህ መለኪያ ውስጥ የነበሩት የገበታ ዕቃዎች ብቻ ነበሩ። ድስትና የፕላስቲክ ዕቃ የገቡት፣ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2021 ጀምሮ በሥራ ላይ ከዋለው አዲሱ የኃይል ፍጆታ መለያ ጋር በተያያዘው የተሻሻለ አሠራር ነው። ስለዚህ እናትዎ «ድስት በእጅ ነው» ሲሉ የመለኪያውን ታሪክ ሳያውቁ ነካክተውታል ማለት ይቻላል። ይሁንና ከተዘረዘሩት እድፎች ውስጥ ሽሮም ቁሌትም እንደሌሉ ልብ ይበሉ። የእኛን ወጥ ቤት የሚፈትነው በእኛ እድፍ የተደረገ ሙከራ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። አንድ ዓይነት የሆኑ ሦስት ወይም አራት የማይዝጉ የብረት ድስቶች ወይም መጥበሻዎች ያስፈልግዎታል፤ ከሌሉ አንዱን ድስት በተለያዩ ቀናት መጠቀም ይቻላል፣ ትዕግሥት ብቻ ይጠይቃል። ግራም የሚለካ የወጥ ቤት ሚዛንም ያዘጋጁ። በመጀመሪያ ደረቁንና ንጹሑን ድስት መዝነው ይጻፉ። ከዚያ አንድ ጊዜ የተሠራ ሽሮ ለሁሉም እኩል ይክፈሉ፣ ለምሳሌ ለእያንዳንዱ 40 ግራም፤ ከድስቱ ወለል ላይ በማንኪያ ጀርባ ያዳርሱት፤ በመጠነኛ እሳት ላይ እኩል ደቂቃ ያቆዩትና ወለሉን መያዝ ሲጀምር ያውርዱት። ሁሉንም በአንድ ላይ ሌሊቱን ያሳድሩና ጠዋት እንደገና ይመዝኗቸው። የደረቀው እድፍ 20 ግራም ቢሆንና ታጥቦና ደርቆ ሲመዘን 3 ግራም ቢቀር፣ ማሽኑ 85 በመቶውን አንሥቷል ማለት ነው። የወጥ ቤት ሚዛን አንድ ግራም ወዲያና ወዲህ ሊስት እንደሚችል አይርሱ፤ ስለዚህ የ85 እና የ88 ልዩነት ልዩነት አይደለም፤ የ85 እና የ50 ግን ነው።

ብዙ ሰው የሚዘለውና እኔ ዋናው የምለው አንድ ድስት አለ፤ እርሱም ማሽን ውስጥ የማይገባው ነው። ልክ እንደሌሎቹ የቆሸሸውን አንዱን ድስት በሙቅ ውሃ ሞልተው፣ ማሽኑ በሚሠራበት ጊዜ ያህል ከውጭ ዘፍዝፈው ያስቀምጡትና ሲያበቃ በቧንቧ ውሃ ብቻ ያለቅልቁት። ይህ ድስት ውሃና ጊዜ ብቻቸውን የሚሠሩትን ያሳያል። እኔ በቤቴ ስሞክረው የሽሮው አብዛኛው ክፍል በመዘፍዘፍ ብቻ ለቀቀ፤ በማሽኑ ሥራ የመሰለኝ ነገር በከፊል የውሃው ሥራ እንደነበረ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ቁሌቱ ግን በውሃ ብቻ ንቅንቅ አላለም፤ ዘይቱ ውሃውን እየገፋ እንዳለ ቆየ። የሳሙናው ዋጋ የታየኝ እዚያ ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ አንድ በአንድ መለወጥ ይጀምራል። በመጀመሪያው ዙር ያለዎትን ሳሙና በተለመደው ፕሮግራም፣ በሁለተኛው ያንኑ ሳሙና በከባዱ ፕሮግራም፣ በሦስተኛው ሌላ ሳሙና በተለመደው ፕሮግራም ይሞክሩ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው በግልጽ ከተሻለ የጎደለው ሙቀትና ጊዜ ነው፤ ከባዱ ፕሮግራም ውሃውን በአብዛኛው ከ65 እስከ 75 ዲግሪ ያደርሰዋል። ሦስተኛው ከተሻለ የእርስዎ ግምት ልክ ነበር። ሦስቱም እኩል ደካማ ከሆኑ ለባለቤትዎ ግምት ጊዜው ደርሷል፤ ሆኖም ባለሙያ ከመጥራታችሁ በፊት ከታች ያለውን ማጣሪያ አውጥታችሁ እጠቡ፤ የሚሽከረከረውን ውሃ ረጪ ክንድም ነቅላችሁ ቀዳዳዎቹ በሩዝ ፍሬ ወይም በሎሚ ዘር አለመደፈናቸውን ተመልከቱ። በአብዛኞቹ አዳዲስ ማሽኖች ማጣሪያው በእጅ የሚጸዳ ነው፤ ይህን ሳያውቁ ዓመት የሚያስቆጥሩ ቤቶች ብዙ ናቸው።

እያንዳንዱን ዙር ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይድገሙት፤ የድስቶቹንም ቦታ ያቀያይሩ። በታችኛው መደርደሪያ መካከል ላይ አፉን ወደ ታች ደፍቶ የተቀመጠ ድስትና ጥግ ላይ ግማሽ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞረ ድስት አንድ ዓይነት ውሃ አይደርሳቸውም። ትልቅ ትሪ የክንዱን መንገድ ከዘጋ ደግሞ ከላይ ያለው ሁሉ ሳይታጠብ ይወጣል። ማሽኑን ሲሞሉ ክንዱን በጣትዎ አሽከርክረው ምንም እንደማይነካ ማረጋገጥ ጥቂት ሰከንድ ብቻ ይወስዳል።

አሜሪካ በመሆንዎ የሚመለከትዎ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። እዚያ ማሽኖቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚገናኙት ከሙቅ ውሃው መስመር ጋር ነው፤ ነገር ግን በቧንቧው ውስጥ ቆሞ የቀዘቀዘው ውሃ መጀመሪያ ስለሚገባ የመጀመሪያው ማጠብ በቀዝቃዛ ውሃ ሊያልፍ ይችላል። ማሽኑን ከማስነሣትዎ በፊት የወጥ ቤቱን የሳህን ማጠቢያ ገንዳ ሙቅ ውሃ ቧንቧ ከፍተው እስኪሞቅ ያፍስሱ፤ ቴርሞሜትር ካለዎት 49 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በእዚያው መለኪያ 120 ዲግሪ ፋራናይት፣ ያህል ሲደርስ ይዝጉትና ማሽኑን ያስነሡ። ፈተናውንም አንድ ጊዜ በዚህ ሁኔታ፣ አንድ ጊዜ ያለዚህ ያድርጉት።

ስለ ሳሙናው የጠረጠሩት ያለ ምክንያት አይደለም። በፊት የማሽን ሳሙና ብዙ ፎስፌት ነበረበት፤ ፎስፌት የውሃውን ካልሲየምና ማግኒዢየም ይይዛል፣ የለቀቀውም እድፍ ተመልሶ እንዳይለጠፍ ያደርጋል። ወደ ወንዝና ሐይቅ ሲገባ ግን አልጌ ያበዛል፤ ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2010 በርካታ የአሜሪካ ግዛቶች፣ በ2017 ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት፣ መጠኑን እጅግ ዝቅ አደረጉት። ዛሬ ሥራውን በአብዛኛው የሚሠሩት ኢንዛይሞች ናቸው፤ አንዱ ዓይነት ስታርችን፣ ሌላው ዓይነት ፕሮቲንን ይቆራርጣል። ሽሮ ሁለቱንም የያዘ በመሆኑ ለኢንዛይም የተመቸ እድፍ ነው፤ ጊዜ ካገኘ ይለቃል። የቁሌቱን ዘይት የሚያነሡት የሳሙናው አልካሊ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ የሆነው ክፍሉ፣ እና ቅባትን ከውሃ ጋር የሚያዋሕዱት ንጥረ ነገሮች ሲሆኑ እነርሱ ደግሞ ሙቀት ይፈልጋሉ። በአንድ ላይ የታሸገው ሳሙና የሚወድቀው በዋናው ማጠብ ላይ ስለሆነ ቅድመ ማጠቡ በባዶ ውሃ ያልፋል። ዱቄት ሳሙና ከተጠቀሙ ግን ጥቂቱን በዋናው ክፍል፣ ጥቂቱን በቅድመ ማጠቢያው ክፍል ማድረግ ይቻላል፤ ለከባድ ድስት ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ መፈተን የሚገባውም ነው።

በመጨረሻ ኢንዛይምም አልካሊም የማይደርስበት ነገር አለ። ወደ ከሰልነት የተለወጠ ምግብና በተደጋጋሚ እሳት ደርቆ እንደ ቫርኒሽ የተጋገረ ዘይት በየትኛውም የቤት ማሽን አይለቅም። ሽሮው ቡናማ ሆኖ ከያዘ ማሽኑ ይጠየቅ፤ ጠቁሮ ከሰል ከሆነ ግን ማሽኑን መክሰስ ፍርደ ገምድልነት ነው። እንዲህ ዓይነቱን የማይዝግ ብረት ድስት ውሃና ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምረው አሥራ አምስት ደቂቃ ያፍሉት፣ በእንጨት ማንኪያ ይፋቁት፣ ከዚያ ማሽን ውስጥ ያስገቡት።

ዳኝነቱን ለእናትዎ እንዲሰጡ እመክራለሁ። የትኛው ድስት በየትኛው ሳሙና፣ የትኛውስ ከማሽን ውጭ እንደታጠበ ሳይነግሯቸው ድስቶቹን ይደርድሩላቸውና ከ0 እስከ 5 ነጥብ ይስጡ። በዓይን ብቻ አይፍረዱ፤ ነጭ ሶፍት በውስጡ አሻሽተው ቀለም ወይም ቅባት መውጣቱን ይዩ፤ ጥቂት ውሃም ያፍስሱበት፣ ቅባት የቀረበት ብረት ላይ ውሃው ይንከባለላል፣ በንጹሕ ብረት ላይ ግን ይነጠፋል። ማሽንዎ የማለቅለቂያ ፈሳሽ የሚጠቀም ከሆነ ይህ የውሃ ምልክት ያሳስታል፤ ያን ጊዜ በሶፍቱ ይተማመኑ።

ጥያቄ፦ ድስቱን ማሽን ውስጥ ከማስገባቴ በፊት በደንብ አለቀልቀዋለሁ፤ ጎረቤቴ ግን ይህ ማሽኑን ያታልላል አለችኝ። እውነት ነው ወይ? (ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ ጎረቤትዎ ትክክል ናቸው። ብዙዎቹ አዳዲስ ማሽኖች የመጀመሪያውን ውሃ ድፍርስነት በብርሃን የሚለካ መሣሪያ አላቸው፤ በራሱ በሚወስነው ፕሮግራም ላይ ውሃው ጥርት ብሎ ከታየው ማሽኑ አጭሩንና ቀዝቀዝ ያለውን መንገድ ይመርጣል። ዕቃው በሙሉ ታጥቦ አንድ ያረረ ድስት ብቻ ከገባ፣ የድስቱ እድፍ ወለሉን ጨብጦ ስለሚቆይ በመጀመሪያው ውሃ ላይ አይታይም፤ ማሽኑም ቤቱ ንጹሕ መስሎት ቶሎ ይጨርሳል። ትርፉን ምግብ በማንኪያ ጠርጎ መጣል ይበቃል። ድስቱ ለብቻው የሚገባ ከሆነ ከባዱን ፕሮግራም በእጅዎ ይምረጡ።

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ በአፓርታማ አራተኛ ፎቅ እኖራለሁ። ዘመድ ከውጭ አገር የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ሊያመጣልኝ ነው። ውሃው በየጊዜው ስለሚጠፋ የምንጠቀመው ከጣሪያ ላይ ካለው ሮቶ ነው። ማሽኑ ድስት ማጠብ ይችል እንደሆነ ከመግዛቴ በፊት ልፈትን የምችለው ነገር አለ?

መልስ፦ አለ፤ የሚፈተነው ግን ማሽኑ ሳይሆን ቤቱ ነው። የማሽኖቹ መመሪያ የሚጠይቀው ዝቅተኛ የውሃ ግፊት ብዙ ጊዜ ከ0.3 እስከ 0.5 ባር ነው። ውሃ በየ10 ሜትር ከፍታው 1 ባር ያህል ግፊት ስለሚሰጥ፣ በሮቶው ውስጥ ያለው ውሃ ከማሽኑ መግቢያ በላይ 3 ሜትር ከፍ ካለ የሚያገኙት 0.3 ባር ነው፤ 5 ሜትር ከሆነ 0.5። የላይኛው ፎቅ ነዋሪዎች የሚቸገሩት ለዚህ ነው፤ ሮቶው ከራሳቸው በላይ ሁለት ሜትር ብቻ ሊሆን ይችላል። ከፍታውን በሜትር ለኩና ከመመሪያው ጋር ያነጻጽሩ፤ ካነሰ አነስተኛ የግፊት ፓምፕ ያስፈልግዎታል። ግፊቱ ሲያንስ ማሽኑ በሚፈለገው ጊዜ ስለማይሞላ የስሕተት ምልክት አሳይቶ ሊቆም ይችላል። እዚህ ላይ አንድ የሚያጽናና ነገር አለ፤ ውሃው ከገባ በኋላ የሚረጨው በማሽኑ በራሱ ፓምፕ ስለሆነ የሮቶው ግፊት ማነስ የማጠብ ኃይሉን አይቀንሰውም። ዘመናዊ ማሽን በአንድ ዙር የሚጠቀመው ከ10 እስከ 13 ሊትር አካባቢ ስለሆነም ውሃ በሚጠፋበት ሰፈር ከእጅ ማጠብ ይልቅ ሊቆጥብልዎ ይችላል።

ኤሌክትሪኩን በተመለከተ፣ ከአሜሪካ የሚመጣ ማሽን ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠራ ስለሆነ አይሆንዎትም። ከዱባይ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከእኛው ጋር ይስማማል፤ ከሳዑዲ የሚመጣው ግን ቮልቱ ቢስማማም እዚያ 60 ኸርዝ ስለሆነ በበሩ ጠርዝ ላይ ባለው ሰሌዳ «50 ኸርዝ» ተብሎ መጻፉን ዘመድዎ አይተው ይግዙ። ማሞቂያው ብቻ ወደ 2 ኪሎዋት ይስባል፤ ከእንጀራ ምጣድዎ ጋር በአንድ መስመር ላይ ባንድ ጊዜ አያስነሡት።

ጥያቄ፦ የሸክላ ድስት፣ ጀበናና የአሉሚኒየም ድስት በማሽን ቢታጠቡ ምን ይሆናሉ? ልሞክረው አስቤ ነበር።

መልስ፦ አይሞክሩት። ሸክላ ሳሙናውን ይጠጣል፤ የጠጣውንም በሚቀጥለው ወጥና ቡና ውስጥ ይተፋዋል። የእንጨት ማማሰያ ይሰነጠቃል፤ ተራ የብረት መጥበሻ ያሟሸውን ዘይት ያጣና ይዝጋል። አሉሚኒየምን በተመለከተ ከራሴ ስሕተት ልናገር፤ ከአገር ቤት የመጣልኝን የእናቴን ድስት አንድ ጊዜ በከባዱ ፕሮግራም አስገባሁትና እንደ አመድ ጠቁሮ ወጣ። ለካ የማሽን ሳሙና አልካሊ የአሉሚኒየሙን ገጽ ይበላዋል። ጥቁረቱን በሎሚና በውሃ አፍልቼ በከፊል መለስኩት፤ ማብረቅረቁ ግን አልተመለሰም።

ጥያቄ፦ ድስቱ ቢጸዳም በርበሬ የነካው የፕላስቲክ ዕቃ ሁሉ ቀይ ሆኖ ይወጣል። አንዳንዴ ያልነካውም ይቀላል።

መልስ፦ የበርበሬ ቀለም በዘይት እንጂ በውሃ አይሟሟም፤ ፕላስቲክ ደግሞ በሙቀት ጊዜ ዘይቱን ከነቀለሙ ወደ ውስጥ ይስባል። ማሽኑ በአንድ ዙር ውስጥ ያንኑ ውሃ ደጋግሞ ስለሚረጭ የወጡ ቅባት ንጹሑንም ፕላስቲክ ያገኘዋል። ቁሌት የነበረበትን ድስት ከፕላስቲክ ጋር አያስገቡ፤ ካስገቡም አስቀድመው ቅባቱን በሶፍት ይጥረጉ። የቀላውን ፕላስቲክ አንድ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ያውሉት፤ ቀለሙ በብርሃን ይፈዛል።

ጥያቄ፦ በዐቢይ ጾም የጾሙን ድስት የልጆቹ የፍስክ ምግብ ከነካው ዕቃ ጋር በአንድ ማሽን ማጠብ ይቻላል?

መልስ፦ መቻልና አለመቻሉን የሚወስኑልዎ የንስሐ አባትዎ ናቸው፤ እኔ የማሽኑን አሠራር ብቻ እነግርዎታለሁ። ከላይ እንደተባለው ውሃው በአንድ ደረጃ ውስጥ እየተመላለሰ ይረጫል፤ ስለዚህ የቅቤው ቅባት ተጠርጎ እስኪወጣ ድረስ ለጥቂት ጊዜ ሁሉንም ዕቃ ይነካል። በኋላ በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል፤ ማጣሪያው ካልታጠበ ግን በውስጡ የቀረው ቅባት ለሚቀጥለው ዙር ይተርፋል። ለይተው ማጠብ ከፈለጉ የጾሙን ዕቃ አስቀድመው ይጠቡ፤ የቅበላው ዕለት ማታም ማጣሪያውን አውጥተው በሙቅ ውሃና በሳሙና ካጸዱ በኋላ ባዶውን ማሽን በከባዱ ፕሮግራም አንድ ጊዜ ያስኬዱት።